ቻርለስ ድሩ፦ የተማሪነት ጥናቱ ጦር ሜዳ የደረሰለት ሐኪም

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ፣ አሜሪካ ውስጥ የጥቁሮች ታሪክ ሲታሰብ፣ የአንድ ጥቁር ሐኪም ፎቶ በፌስቡክና በቲክቶክ ይዞራል። ምናልባት እናንተም ስልክ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ከፎቶው ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጻፋል። አንደኛው የደም ባንክን የፈጠረው እሱ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ሳለ የነጮች ሆስፒታል ደም ከልክሎት ሞተ የሚል።

ሁለቱም ልብ ይነካሉ፤ ሼር ለማድረግም ይመቻሉ። ችግሩ ሁለቱም እንደሚባለው አለመሆናቸው ነው። የሰውየው እውነተኛ ታሪክ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ቀዶ ሕክምና እየተማረ ሳለ አንድ ጥያቄ ይዞ ላብራቶሪ የገባ ወጣት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ያገኘው መልስ ውቅያኖስ ተሻግሮ የጦርነት ቁስለኞች ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የማይመርጠውን መንገድ መረጠ። ስሙ ዶክተር ቻርለስ ድሩ ነው።

የምንጣፍ ሠራተኛው ልጅ

ቻርለስ ሪቻርድ ድሩ እ.ኤ.አ ጁን 3 ቀን 1904 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ቤት ለቤት እየዞረ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ነበር። እናቱ በመምህርነት የሠለጠነች ናት። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው እሱ ነው።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ዋና ከተማ ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት አይማሩም። ዳንባር የሚባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን በጥሩ መምህራኑ የታወቀ ነበር። ድሩ በ1922 ከዚያ ተመረቀ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ስሙ የሚጠራው በቀለም ትምህርት ሳይሆን በስፖርት ነው። ሯጭ ነው፣ ዋናተኛ ነው፣ የአሜሪካ እግር ኳስም ይጫወታል። ማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘው አምኸርስት ኮሌጅ የተቀበለውም በስፖርት ስኮላርሺፕ ነው።

ወደ ሕክምና ልቡን ያዞሩት ሁለት አጋጣሚዎች እንደሆኑ ይነገራል። በ1920 እህቱ ኤልሲ በሳንባ ነቀርሳና በኢንፍሉዌንዛ ታማ ሞተች። በኮሌጅ ደግሞ ራሱ በኳስ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኛ። አልጋ ላይ ሆኖ ሐኪሞቹን ሲያይ ሐሳቡ ወደዚያ ሄደ።

ግን ገንዘብ የለም። በ1926 ከአምኸርስት ሲመረቅ ቀጥታ ሕክምና ትምህርት ቤት መግባት አልቻለም። ባልቲሞር በሚገኘው ሞርጋን ኮሌጅ ተቀጥሮ ሁለት ዓመት የስፖርት አሠልጣኝና የሳይንስ መምህር ሆነ፤ ብር አጠራቀመ። ከዚያ ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አመለከተ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክሬዲት ይጎድልሃል ተብሎ ሳይገባ ቀረ። ሃርቫርድ ደግሞ አንድ ዓመት ጠብቅ አለው። ድሩ መጠበቅ አልፈለገም። በ1928 ድንበር ተሻግሮ ሞንትሪያል፣ ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ሞንትሪያል ላይ የተጀመረ ጥያቄ

ያ በትምህርቱ ብዙም የማይጠቀስ ስፖርተኛ ማክጊል ሲገባ ሌላ ሰው ሆነ። በ1933 ሲመረቅ ከ137 ተማሪዎች ሁለተኛ ወጣ።

እዚያ ጆን ቢቲ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር አገኘ። ቢቲ የሚያጠናው ሾክን ነው። ሐኪሞች ሾክ የሚሉት ድንጋጤን አይደለም። ሰው ብዙ ደም ሲፈሰው ወይም በእሳት ሲቃጠል በደም ሥሮቹ ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ያንሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አንጎልና ኩላሊት የሚበቃቸውን ያህል ደም አያገኙም። ፈሳሹ ቶሎ ካልተተካ ሰውየው ይሞታል። ድሩ ከተመረቀ በኋላ ሞንትሪያል ውስጥ በኢንተርንነትና በሬዚደንትነት ሲሠራ ይሄንኑ ጉዳይ ከቢቲ ጋር ተከታተለ።

በዘመኑ ደም መስጠት ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። የደም ዓይነቶች ከ1901 ጀምሮ ይታወቃሉ። ግን አብዛኛው ሆስፒታል ደም አስቀምጦ አይጠብቅም። ታማሚው እየደማ ለጋሽ ይፈለጋል፤ ለጋሹ ይመጣል፤ ደሙ ይመረመራል፤ ከዚያ ይቀዳል። ለጋሹ እስኪገኝ ታማሚው ያልፋል። መድኃኒቱ የሰው ደም እንደሆነ እየታወቀ፣ በሰዓቱ ባለመገኘቱ ብቻ ሰው ይሞት ነበር። ድሩ ይዞት የመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ደምን አስቀድሞ ቀድቶ ማቆየት ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ለስንት ቀን?

ግማሽ የተከፈተ በር

በ1935 አባቱ ሞቱ። ድሩ ወደ ዋሽንግተን ተመልሶ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ መጀመሪያ ፓቶሎጂ፣ ቀጥሎ በፍሪድመንስ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና። ሃዋርድ በዚያ ዘመን ለጥቁር ሐኪሞች ከነበሩት ጥቂት ማሠልጠኛዎች አንዱ ነው። የእኛው ዶክተር መላኩ በያንም በ1930ዎቹ አጋማሽ ሕክምና የተመረቀው ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ነገር ግን ጥቁር ሐኪም ስፔሻሊስት ልሁን ቢል የት ይሄዳል? ትልልቆቹ የነጮች ሆስፒታሎች የሬዚደንት ቦታ አይሰጡትም። የሮክፌለር ፋውንዴሽን ሃዋርድ የራሱ ስፔሻሊስት መምህራን እንዲኖሩት ገንዘብ መድቦ ስለነበር፣ ድሩ በ1938 በዚያ ድጋፍ ኒውዮርክ ሄደ። ቦታው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና አብሮት የሚሠራው ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል ነው።

የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አለን ዊፕል ተቀበለው፤ የመደበውም ጆን ስከደር ወደሚባል ተመራማሪ ላብራቶሪ ነው። ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ስከደር የሚያጠናው ሾክንና ደምን ስለነበር ድሩ ሲፈልገው የኖረው ቦታ ነው። በሌላ በኩል ግን ጥቁር ሐኪም ነጭ ታማሚ አልጋ አጠገብ ሆኖ እንዲያክም ያኔ ስለማይፈለግ፣ ላብራቶሪው እሱን ከዋርድ ማራቂያም ነበር። ሳይንሱን ይሥራ፣ ታማሚውን አይንካ እንደማለት።

ድሩ አኩርፎ አልተቀመጠም። ላብራቶሪውን በሙሉ ልቡ ያዘው። ጎን ለጎን ደግሞ ዊፕልን ቀስ በቀስ አሳምኖ ከሌሎቹ ሬዚደንቶች ጋር ዋርድና ኦፕሬሽን ክፍል መግባት ጀመረ። በዚያ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ሆኖ የሠለጠነ የመጀመሪያው ጥቁር ሐኪም ሆነ።

ደም ለምን ይበላሻል?

ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከውጭ ለሚያይ ሰው አሰልቺ ነው። ደም ትቀዳለህ፣ ጠርሙስ ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ በየቀኑ ትለካለህ። ግን ጥያቄዎቹ ተግባራዊ ነበሩ። እንዳይረጋ የሚጨመረው ኬሚካል ምን ይሁን፣ ምን ያህልስ ይሁን? በስንት ዲግሪ ቅዝቃዜ ይቀመጥ? የጠርሙሱ ቅርጽስ ለውጥ ያመጣል?

አንዱ የተከታተሉት ነገር ፖታሲየም ነው። ፖታሲየም በጤነኛ ደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው በቀይ የደም ሕዋሶች ሆድ ነው። ደሙ ተቀምጦ ሲውል ሲያድር ሕዋሶቹ ይደክማሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ፖታሲየሙም ወደ ፈሳሹ ይወጣል። እንዲህ ያለው ደም ለታማሚ ቢሰጥ ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ፈሳሹ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም በመለካት ደሙ ምን ያህል እንዳረጀ ማወቅ ይቻላል። በወቅቱ በነበረው ዘዴ ሙሉ ደም በደህና የሚቆየው ለአንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር።

ከዚህ ሌላ ጥያቄ ተወለደ። የሚፈነዱት ሕዋሶቹ ከሆኑ፣ ሕዋሶቹን አውጥተን ፈሳሹን ብቻ ብናስቀምጥስ? ይሄ ፈሳሽ ፕላዝማ ይባላል። ቢጫ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በዚያን ጊዜ አሠራር እንደ ሙሉ ደም የደም ዓይነት ማመሳሰል ሳያስፈልግ ለብዙ ሰው ይሰጥ ነበር። ሾክ ውስጥ ለገባ ቁስለኛ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የጎደለውን ፈሳሽ መተካት ነው።

በኦገስት 1939 ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል የሙከራ የደም ባንክ ከፈተ፤ የሚመራው ድሩ ነው። በሚቀጥለው ወር ሌኖር ሮቢንስን አገባ፤ አትላንታ በሚገኘው ስፔልማን ኮሌጅ የምታስተምር ወጣት ነበረች። የመጀመሪያ ልጃቸውን በቤት ስሟ ቢቢ አሏት፤ ብለድ ባንክ ከሚለው የሁለቱ ቃላት መነሻ ፊደል የተወሰደ ነው። ሰውየው ሥራው እስከ ቤቱ ተከትሎት እንደገባ ከዚህ ይታያል።

በ1940 የመመረቂያ ጥናቱን አስገባ። ርዕሱ ተጠራቅሞ ስለሚቀመጥ ደም ነው። ዓለም ላይ በጉዳዩ የተሠራውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ፈትሾ፣ የራሱን ሙከራ ጨምሮበታል። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ኮሎምቢያ በሕክምና ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ሰጠው፤ ይሄን ዲግሪ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

እንግዲህ የደም ባንክን ፈጠረ የሚለው ፖስት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደም ማስቀመጥ በሶቪየት ኅብረት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተሞክሯል። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለቁስለኞች ተሠርቶበታል። የደም ባንክ የሚለውን ስም ያወጣው ደግሞ በ1937 ቺካጎ ውስጥ በርናርድ ፋንተስ የሚባል ሐኪም ነው። የድሩ ድርሻ የተበታተነውን ዕውቀት አንድ ላይ አምጥቶ፣ የሚያዋጣውን ከማያዋጣው ለይቶ፣ በብዛት ሊሠራበት የሚችል ሥርዓት ማድረጉ ነው። ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የተፈለገው ይሄው ሥርዓት ነበር።

ለንደን ስትቃጠል

ድሩ ዲግሪውን በያዘበት በዚያው ወር ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ወደቀች። እንግሊዝ ብቻዋን ቀረች፤ በሴፕቴምበር ለንደን በቦምብ ትደበደብ ጀመር። ኒውዮርክ ያሉ ሐኪሞች ፕላዝማ ሰብስበው ወደ እንግሊዝ ለመላክ ደም ለብሪታንያ የሚል ዘመቻ ከፈቱ። ቅን ሐሳብ ነበር፣ ግን ሥራው ተዘበራረቀ። ሆስፒታሎቹ የሚሠሩት እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ነው። የተሰበሰበው ፕላዝማ በባክቴሪያ መበከሉም አሳሳቢ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ድሩ ሃዋርድ ተመልሶ እያስተማረ ነው። ጉዳዩን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ስላልነበር ጠሩት፤ የዘመቻው የሕክምና ኃላፊ አደረጉት። ያ በር ላይ ቆሞ የነበረ ሰው አሁን የኒውዮርክ ሆስፒታሎች ደም እንዴት እንደሚቀዱ ደንብ አውጪ ሆነ። አቀዳዱ፣ ከሕዋስ አለያየቱ፣ የባክቴሪያ ምርመራው፣ አስተሻሸጉ ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረገ። ዘመቻው በጃንዋሪ 1941 ሲዘጋ ከ14,556 ለጋሾች ደም ተሰብስቦ ነበር። ከ5,000 ሊትር በላይ ፕላዝማ ከጨው ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ እንግሊዝ ተላከ።

ቀጥሎ የአሜሪካ ቀይ መስቀል በኒውዮርክ የሙከራ ፕሮግራም ጀመረ። በዚህኛው ፕላዝማው ደርቆ እንደ ዱቄት ይቀመጣል፤ ሲፈለግ በውኃ ተበጥብጦ ይሰጣል። ደም የሚቀዱ ተሽከርካሪዎችም ወደ ሰዉ ይሄዱ ጀመር። ዛሬ ከተማ ውስጥ ቆሞ ደም ለግሱ የሚለን መኪና የዚያ ዘመድ ነው። ድሩ የሙከራው ረዳት ዳይሬክተር ነበር። አሜሪካ በዲሴምበር 1941 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ለወታደሮቿ ደም የሰበሰበችው በዚህ ናሙና ነው።

ደምን በቀለም መለየት

አሁን የሚያመው ክፍል ይመጣል። ቀይ መስቀል የአሜሪካን ጦር ፍላጎት ተከትሎ መጀመሪያ ላይ የጥቁሮችን ደም አልቀበልም አለ። ተቃውሞ ሲበረታ በጃንዋሪ 1942 መቀበል ጀመረ፤ ግን የጥቁር ደም ለብቻ፣ የነጭ ደም ለብቻ እየተለየ። እንግዲህ ሥርዓቱን ያደራጀው ሰው ራሱ ደሙን ቢለግስ ለብቻ ይቀመጥበት ነበር ማለት ነው።

ብዙ ቦታ ድሩ ለዚህ ብሎ በቁጣ ሥራውን ለቀቀ ይባላል። እሱ ግን መመሪያው ከመታወጁ በፊት፣ በኤፕሪል 1941፣ ወደ ሃዋርድ ተመልሷል። ዝም አላለም ግን። የጥቁርን ደም ከነጭ ደም የሚለይ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለ በአደባባይ እየተናገረ ኖረ። ይሄን ሲል የሚናገረው በስሜት ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ደም ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ቀይ መስቀል አሠራሩን የተወው በ1950 ነው፤ ድሩ በሞተበት ዓመት።

ከላብራቶሪ ወደ ተማሪዎቹ

በኤፕሪል 1941 ድሩ ገና 37 ዓመት አልሞላውም። ስሙ ወጥቷል፤ በደም ምርምር ትልቅ ሰው ሆኖ መቀጠል ይችል ነበር። እሱ ግን ያን ዓመት የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስትነት ፈተናውን አልፎ፣ በኦክቶበር የሃዋርድ ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊና የፍሪድመንስ ሆስፒታል ዋና ቀዶ ሐኪም ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንደ ኮሎምቢያው ያለ ሰፊ የላብራቶሪ ሥራ አልሠራም።

ለምን? እሱን ያስጨነቀው ሌላ ቁጥር ነበር፤ በአገሪቱ የተመሰከረላቸው ጥቁር ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እሱ አንድ በር ገፍቶ ገብቷል፤ ከኋላው ግን በሩ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሬዚደንቶችን ማሠልጠን ዋና ሥራው አደረገ። ጠንካራ አስተማሪ ነበር፤ ከማንም የነጮች ሆስፒታል ሬዚደንት እንዳያንሱ ይፈልጋል።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ከ1941 እስከ 1950 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ ከተመሰከረላቸው ጥቁር ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም ስምንቱ፣ የእሱ ተማሪዎች ናቸው። ከ1950 በኋላ ከተመሰከረላቸው ደግሞ ሌሎች 14 ሰዎች የሥልጠናቸውን ከፊል ከእሱ ወስደዋል። ስምንት ሰው ትንሽ ይመስላል። ግን ማንም በማይቀበላቸው ዘመን ነው፤ እያንዳንዳቸውም በተራቸው ሌላ ያሠለጥናሉ።

ራሱ ድሩ የቦርዱ ፈታኝ ሆኖ ተሹሟል። በ1944 ጥቁር አሜሪካውያን የሚከበሩበትን የስፒንጋርን ሜዳሊያ ተቀበለ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ግን በአካባቢ ቅርንጫፎቹ በኩል ጥቁሮችን ስለማያስገባ፣ ይሄ ሁሉ ክብር ያለው ሰው አባል መሆን አልቻለም። ይሄን በመቃወም ለማኅበሩ ጽፏል፤ በሕይወቱ ግን መልካም መልስ አላየም።

የመጨረሻው ጉዞ

በየዓመቱ አላባማ ግዛት፣ ተስኬጊ ውስጥ፣ ጥቁር ሐኪሞች ተሰብስበው በነጻ የሚያክሙበት ጉባኤ ነበር። ኤፕሪል 1 ቀን 1950 ድሩ ከሦስት ሐኪሞች ጋር በመኪና ወደዚያ ጉዞ ጀመረ። ሌሊት ነው፤ ቀኑን በሥራ ደክሞ ውሏል፤ ማለዳ ላይ የሚነዳው እሱ ነበር። ሰሜን ካሮላይና፣ በርሊንግተን ከተማ አጠገብ፣ መሪው ላይ እንቅልፍ ጣለው። መኪናው ተገለበጠ።

ወደ አላማንስ ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያ የነበሩት ነጭ ሐኪሞች ሊያድኑት ሞከሩ፤ ጉዳቱ ግን ከአቅም በላይ ነበር። የ45 ዓመት ሰው፣ የአራት ልጆች አባት፣ በዚያው አረፈ። አብሮት የነበረ ሐኪም በኋላ ሕክምና እንዳልተከለከለ ደጋግሞ ተናግሯል።

ደም ከለከሉት የሚለው ወሬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስካሁን ይነገራል። ለምን እንደሚታመን መረዳት አይከብድም። በዚያ ዘመን ጥቁሮችን በር ላይ የመለሱ ሆስፒታሎች በእርግጥ ነበሩ፤ በዚህ ምክንያት የሞቱም አሉ። ሰዉ የብዙዎችን በደል በአንድ ታዋቂ ሰው ስም ነገረው። ቢሆንም ለድሩ ክብር ሲባል እውነቱን መናገር ይሻላል። ሰውየው ራሱ መረጃ ሳይለካ የማይናገር ነበር።

ጥናት ለወረቀት ነው ወይ?

በእኛም አገር ሬዚደንቶች ስፔሻሊስት ሆነው ለመመረቅ ጥናት መሥራት አለባቸው። ሐኪም ጓደኛ ያለው ሰው ምሬቱን ያውቀዋል። ተረኛ አድሮ፣ ሳይተኛ ዋርድ ዞሮ፣ ከዚያ ደግሞ መረጃ ሰብስብ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሥራው ለምረቃ ያህል ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ይሄ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

የድሩ ሕይወት ለዚህ የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም። እሱ ሲማር ደመወዝ የሚሆነው ድጋፍ ነበረው፤ የሚመራው ስከደር ነበረው፤ ላብራቶሪ ነበረው። እነዚህ በሌሉበት ሬዚደንቱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳያል። ጥያቄው የመጣው ከታማሚው አልጋ ነው፤ ለጋሽ ሲጠበቅ ከሞተው ሰው። ለዚህ ነው መልሱ መደርደሪያ ላይ ያልቀረው። ሌላም ነገር አለ። በሥልጠና ጊዜ ምርምር የሠራ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ተመራማሪ ይሁን አይባልም። ድሩ ከላብራቶሪ ወጥቷል፤ የመለካትና የመጠየቅ ልማዱን ግን ይዞ ወጣና ለተማሪዎቹ አወረሰው። ከልጆቹ አንዷ ሻርሊን ደግሞ የአንጎል ተመራማሪ ሆነች።

ዛሬ በተሻለ ማቆያ ፈሳሽ ቀይ የደም ሕዋስ እስከ 42 ቀን ይቀመጣል። ሆስፒታል ገብታችሁ የደም ከረጢት ካያችሁ ላዩ ላይ የደም ዓይነቱ ተጽፏል፤ የተቀዳበት ቀን አለ፤ የሚያልፍበት ቀንም አለ። ያ የመጨረሻው ቀን፣ ጥቁር ስለሆነ ዋርድ እንዳይገባ የተፈለገ አንድ የቀዶ ሕክምና ተማሪ ጠርሙስ ፊት ቁጭ ብሎ ሲፈልገው የነበረው መልስ ነው።